ከጣሪያው ገንዘብ እንጀምር

«ጤና ይስጥልኝ። የአንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ሆኜ ከተመረጥኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሙያዬ ሒሳብ አይደለም፤ ‘ታማኝ ነሽ’ ተብዬ ነው የተመረጥኩት። ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ስለሚጣደፍ የሙዳየ ምጽዋቱን ገንዘብ ይዤ ሄጄ ብቻዬን እቆጥራለሁ፤ በማግሥቱ ባንክ አስገባለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ መባውም አሥራቱም እየቀነሰ ነው። አስተዳዳሪያችን የሰጪዎችን ስምና የሰጡትን መጠን በጉባኤ ፊት እንዳነብ ይፈልጋሉ፤ ‘ሌላው ይነቃቃል’ ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስለ አሥራት ከትንቢተ ሚልክያስ ጠንከር ያለ ተከታታይ ስብከት ይሰበክ ብለዋል። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ለጣሪያ ጥገና የተሰበሰበው ገንዘብ ገሚሱ ለአገልጋዮች ደመወዝ ወጥቶ መገኘቱ ነው። ከእኔ በፊት የሆነ ነው፤ ምእመናኑ አያውቁም። ‘እንተካዋለን፣ ለጊዜው ዝም በይ’ ተብያለሁ። በየሳምንቱ ደጋግማ የታጠፈች አንዲት ኖት የሚያስገቡ አረጋዊት እናትም አሉ። መድኃኒት መግዣ እንዳጠራቸው ስለማውቅ ያችን ኖት ስዘረጋ እጄ ይከብደኛል። ሰው ለጋስ እንዲሆን እንዴት ማድረግ ይቻላል? እኔስ ምን ላድርግ?»

ብቻዋን የምትቆጥረው

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው እንዴት ለጋስ እንደሚሆን ጠይቀሽኛል፤ መልሱ ግን ራስሽ በጻፍሽው ውስጥ አለ። ሰዎች ለጣሪያ ሰጡ፤ ጣሪያው አልተጠገነም፤ የተናገረም የለም። «ምእመናኑ አያውቁም» ብለሻል። ገንዘቡ ለምን እንደዋለ አያውቁ ይሆናል። ጣሪያውን ግን በየሳምንቱ ቀና እያሉ ያዩታል። የሰው ልብ ደነደነ፣ ፍቅር ቀዘቀዘ ብሎ ከመደምደም በፊት ይህን ማሰብ ይገባል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዚያው ከጣሪያው እንጀምር።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በአደራ ገንዘብ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዛሬ «እንተካዋለን» የተባለው ጉድለት ከርሞ ሌላ ኮሚቴ ሲመረጥ ማብራሪያ የሌለው ቀዳዳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ደብተሩን ይዞ የተገኘው ሰው ነው። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ዝም በይ ያሉሽ ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። ገንዘቡ ወደ ማንም ኪስ አልገባም፤ ለሠሩ ሰዎች ደመወዝ ሆኗል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ያስታውሰዋል። የአገልጋይ ልጆች በባዶ ሆዳቸው ማደራቸው በተሰነጠቀ ጣሪያ ሥር ከመቀመጥ የከፋ ነገር ነው። ቢሆንም ሰጪው «ለጣሪያ» ብሎ የሰጠውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ የማዋል ፈቃድ ያለው ሰጪው ራሱ እንጂ ኮሚቴው አይደለም። በብዙ አገሮች ሕግም ለታወቀ ዓላማ የተሰበሰበ ገንዘብ ለዚያው ዓላማ እንዲውል ግዴታ አለ። ምእመናኑን ቀድሞ ቢጠይቋቸው ኖሮ አብዛኞቹ «ደመወዙ ይቅደም» የሚሉ ይመስለኛል። የተነፈጉት ነገር ጣሪያው ብቻ አይደለም፤ ያንን የመፍቀድ ክብር ጭምር ነው።

እንግዲህ አንድ ገጽ ጻፊ። ለጣሪያው ስንት እንደተሰበሰበ፣ ከዚያ ላይ መቼና ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደቀረ፣ ወጪውን ያዘዘው ውሳኔ የት እንደተመዘገበ ብቻ ይኑርበት። ማንንም አትውቀሺበት፤ ቁጥሩ ይናገር። ገጹን ይዘሽ አስተዳዳሪውንና ሽማግሌዎቹን አብረው አነጋግሪያቸው፤ ለማንም ሌላ ሰው አስቀድመሽ አትንገሪ። የምትጠይቂያቸው ነገር የሆነውን አስተዳዳሪው ራሳቸው ለምእመናኑ እንዲናገሩ፣ ገንዘቡም በየወሩ ከመደበኛው ገቢ ላይ ምን ያህል ተነሥቶ እንደሚተካ ከነቀኑ እንዲገለጽ ነው። ይህን ዜና ምእመናኑ ከአስተዳዳሪው አፍ ሲሰሙትና በወሬ ሲደርሳቸው አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ኀዘን ይኖራል፣ በሁለተኛው ግን ቤተ ክርስቲያን ይፈርሳል። እምቢ ካሉሽ ጥያቄሽ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርልሽ አድርጊ፤ ከጣሪያው ሒሳብ ላይ ለሌላ ጉዳይ በሚወጣ ወጪ ላይም ከእንግዲህ አትፈርሚ። ከዚህ በኋላም ካልሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጸሽ፣ ርክክቡን በሚገባ ፈጽመሽ ኃላፊነቱን መልሺ። ይህን ቀለል አድርጌ አልመክርሽም፤ እንደዚያ ያለ ቀን እንዳይመጣብሽም እጸልያለሁ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ብቻሽን መቁጠርሽ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት ባገለገልኩበት አንድ ስፍራ ገንዘብ ያዡ እንደ አንቺ ብቻውን የሚቆጥር ወንድም ነበር። ደረሰኞቹን በጫማ ካርቶን ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው «ያን ሁሉ ገንዘብ የት ያደርሰዋል?» አለ፤ የተናገረው በክፋት ይሁን ባለማወቅ ዛሬም አላውቅም። ወሬው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ቤት ገባ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ባደግንበት ቋንቋ ገንዘብ የያዘን ሰው ማማት ማንንም አይከብድም። በመጨረሻ ከውጭ የመጡ የሒሳብ መርማሪዎች ካርቶኑን ወረቀት በወረቀት ሲያዩት የተሰረቀ ነገር አላገኙም፤ የጎደለው የሁለት ወር ደረሰኝ ብቻ ነበር። ወንድማችን ግን ከዚያ በኋላ ያችን ደጅ አልረገጠም። ንጹሕ ሰው ነበር፤ ንጽሕናውን የሚመሰክርለት ሁለተኛ ሰው ግን አልነበረውም። እኛም አልሰጠነውም። በዚህ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ያለውን የንጉሥ ኢዮአስን ታሪክ ለኮሚቴያችሁ አንብቢላቸው፤ ከእናንተ ጉዳይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ንጉሡ ቤተ መቅደሱ እንዲጠገን አዘዘ። ካህናቱ ገንዘቡን ይቀበሉ ነበር፤ እርሱ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን የፈረሰው እንደፈረሰ ነበር። ኢዮአስ ሕዝቡ አብዝቶ እንዲሰጥ አልገሠጸም። የለወጠው የአሠራሩን መንገድ ነው። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አመጣ፤ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ በስተቀኝ አኖረው። በሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን አብረው መጥተው ይቆጥሩታል፤ ተመዝኖም ሥራውን ለሚያሠሩት ይሰጣል። አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ ሌላው ከቤተ መቅደስ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ አናጺውም ድንጋይ ጠራቢውም ተከፈላቸው፤ ቤቱም ተጠገነ።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ሁለተኛ ሰው ሳይቀመጥ ሙዳዩ አይከፈት። ሁለተኛው ሰው ባልሽ ወይም ዘመድሽ አይሁን፤ የአስተዳዳሪውም ቤተሰብ አይሁን። የሚቻል ከሆነ ሙዳዩ ሁለት ቁልፍ ይኑረውና በሁለት ሰው እጅ ይደር። ቆጠራው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በር ገርበብ ባለበት ክፍል ይሁን። ከጠረጴዛው ላይ ቦርሳም ስልክም ይነሣ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሙዳዩ ሲገለበጥ የታጣጠፈ ኖት ይፈስሳል፤ አንዳንዱ በልጅ እጅ ተጨምቆ የረጠበ፣ አንዳንዱ በጸሎት ልመና ወረቀት የተጠቀለለ ነው። አንዳችሁ ትዘረጋላችሁ፣ በየዓይነቱ ትደረድራላችሁ፤ ሌላችሁ ትቆጥራላችሁ። ከዚያ ቦታ ተለዋውጣችሁ እንደገና ቁጠሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲገጥሙ ድምሩ በቅጹ ላይ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ጽሕፈቱ በእርሳስ አይሁን። የተሳሳተ ቁጥር ቢኖር በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበት እንጂ አይፋቅ፤ የተፋቀ ቦታ ሁልጊዜ ጥያቄ ይጋብዛል። ቅጹ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከገንዘቡ ጋር ወደ ባንክ ይሂድ፣ ሌላው መዝገብ ለሚይዘው ሰው ይሰጥ።

የተቆጠረው በሙሉ ባንክ ይግባ። «ለመብራት ነው»፣ «ለጽዳት ነው» ተብሎ ከመንገድ ላይ አይቀነስ። ለእንዲህ ያለው ነገር በየወሩ በቼክ የሚወጣ የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ ይመደብ፤ በደረሰኝ ይወራረድ። በስልክ የሚላክ ስጦታ በማንም ግለሰብ ቁጥር አይግባ፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይሁን። ወጪን የሚያዝዝ፣ ቼክ የሚፈርምና መዝገብ የሚይዝ ሰው የተለያየ ይሁን። ሰው ካነሰ ቢያንስ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን የሚሠራው ከአንቺ ሌላ ሰው ይሁን፤ በየወሩ የባንኩን መግለጫ ከመዝገብሽ ጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር ያመሳክር። በዓመት አንድ ጊዜም ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሰዎች ይመርምሩ። «በቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ጥርጣሬ ምንድን ነው?» የሚልሽ አይጠፋም። ይህ ጥርጣሬ አይደለም። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ 650 መክሊት ብር ለ12 ካህናት በሚዛን አስረከባቸው፤ ደርሰው ሦስት ቀን ካረፉ በኋላ በአራተኛው ቀን ያው ሁሉ በቤተ መቅደሱ እንደገና ተመዘነና ሚዛኑ ተጻፈ። እነዚያን ካህናት «ለእግዚአብሔር የተቀደሳችሁ ናችሁ» ብሏቸዋል፤ ሆኖም መዘነላቸው። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም። ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን ወንድም አብረው ላከ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለን አለ። በሰው ፊትም! ይህችን ቃል አስተዳዳሪሽ ሊቃወሟት አይችሉም።

ስሞችን ስለማንበብ በግልጽ እላለሁ፦ አታንብቢ። በመጽሐፍ ቅዱስ በይፋ የተሰጠ ስጦታ እንዳለ አውቃለሁ። ዳዊት ለቤተ መቅደሱ ሥራ በጉባኤ ፊት ሲጠይቅ ግን በመጀመሪያ የተናገረው እርሱ ከገዛ ሀብቱ ምን እንደሰጠ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ ደግሞ በርናባስ መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ እንዳኖረ ተጽፏል። ገጹን ሳትገልጪ ቀጥሎ የሚመጣውን ተመልከቺ፤ ሐናንያና ሰጲራ ናቸው። የበርናባስን ክብር ፈለጉ፤ ስጦታውን ግን ሙሉ ለማድረግ አልፈለጉም። ጴጥሮስ የወቀሳቸው ስላስቀሩት ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘቡ በእጃቸው እንደነበረ ራሱ ይመሰክራል። የወቀሳቸው ስለ ውሸቱ ነው። የስም ዝርዝር በጉባኤ ሲነበብ በርናባስን ያበረታ እንደሆነ አላውቅም፤ ሐናንያን ግን በእርግጥ ያበራክታል። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ ስሙ በማይጠራበት እሑድ ቤቱ መቅረት ይጀምራል። በዚህ ፈንታ በዓመት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰጪ የሰጠውን የሚገልጽ የምስጋና ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ስጪው። ስሙ በትክክል ይጻፍ፤ ገንዘቡ ምን እንደሠራም አንድ ሁለት መስመር ይኑርበት።

የሚልክያስን ስብከት በተመለከተ፣ ሽማግሌው መጽሐፉን ከመጀመሪያው እንዲጀምሩት ለምኛቸው። አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡ የሚለው ቃል ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ምዕራፎች በብዛት የሚገሥጹት ካህናቱን ነው። ዕውር እንስሳ ስለተቀበሉ፣ በፍርድ ስላዳሉ። መሪው መጀመሪያ ራሱን ሳይመረምር ምዕራፍ 3ን ለሕዝቡ ማንበብ መጽሐፉን ከወገቡ መቁረጥ ነው። ደግሞም ያ ጎተራ ለጌጥ የቆመ አልነበረም። በዘዳግም ምዕራፍ 14 የሦስተኛው ዓመት አሥራት ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ እንዲበሉትና እንዲጠግቡ ተብሎ የሚቀመጥ ነው። «ስጡ፣ እጥፍ ሆኖ ይመለስላችኋል» እያሉ የቤት ኪራይዋን ያስረከቡአት እናት አጋጥማኝ ታውቃለች። ያ ስብከት ልግስና አያስተምርም፤ ስስትን በሃይማኖት ልብስ ያስጌጣል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ብሏቸዋል፤ ሌላው እንዲያርፍ እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም ሲልም ጨምሯል።

ታዲያ ሰው በምን ይነቃቃል? በማየት። በየወሩ አንድ ገጽ መግለጫ በር ላይ ለጥፊ፤ ምን ያህል ገባ፣ ለምን ለምን ወጣ፣ በየዓላማው ስንት ቀረ። ሒሳብ ያልተማሩ አዛውንት ቆመው አንብበው የሚረዱት ይሁን። የጣሪያው ቀሪ ሒሳብ በየወሩ በራሱ መስመር ይታይ፤ ከተተካው ጋር ከፍ እያለ ሲሄድ ሰዎች የቃላችሁን ክብደት በዓይናቸው ይለኩታል። ከዚያ በተጨማሪ የሚያስፈልገውን ነገር በስሙ ጥሩ። «ለአገልግሎት ስጡ» ከምትሉ «ለሁለት ተማሪዎች ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያ» በሉ፤ ሲሟላም ተሟልቷል በሉ። በዘጸአት ምዕራፍ 36 ለድንኳኑ ሥራ ሕዝቡ በየማለዳው ስጦታ ሲያመጣ ሠራተኞቹ «ከሚበቃው በላይ ሆነ» ብለው ለሙሴ ነገሩት፤ ሙሴም ከእንግዲህ ማንም አያምጣ ብሎ በሰፈሩ ሁሉ አሳወጀ። እኔ በሕይወቴ «በቃ፣ ሞልቷል» የተባለበትን መሰብሰቢያ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ጉባኤ ሌላ ነገር ሲጠይቅ ሰው ጥያቄ እንኳን አላነሣም።

ድንገተኛ ስሜት ከማነሣሣት ይልቅ ልማድ አስተምሩ። ጳውሎስ እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ቀናው መጠን በቤቱ ያስቀምጥ ያለው እርሱ በሚመጣበት ጊዜ ጥድፊያ እንዳይኖር ነው። ከወር ገቢ ላይ አስቀድሞ የተለየ ትንሽ ገንዘብ በዓመት ውስጥ ከአንድ ቀን ግለት ይበልጣል። በጉባኤያችሁ ካሉት የማይሰጡ ሰዎች ብዙዎቹ ስስታሞች ሳይሆኑ ዕዳ ያንገላታቸው እንደሆኑ እገምታለሁ። የቤት ወጪን ማቀድ፣ ከዕዳ መውጣት፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚቻልበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው በመካከላችሁ ካለ ጥቂት ምሽቶች ያስተምር። በዚያ ትምህርት ላይ ስለ መባ አንድም ቃል ባይነሣ ደስ ይለኛል። እርሱም አንድ ስጦታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ምእመን የሚሄድ።

የቀሩት እናታችን ናቸው። ሁለት ሳንቲም ያስገባችውን መበለት ታሪክ በማርቆስ ምዕራፍ 12 ስናነብ ከእርሷ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዘለዋለን። በዚያ ጌታ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች ይናገራል፤ ወዲያው በመዝገቡ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ መበለቲቱን አየ። ሁለቱን አብሬ ሳነብ ምስጋናው ለእርሷ፣ ጥያቄው ለሣጥኑ ጠባቂዎች ይመስለኛል። በምዕራፍ 7 ደግሞ ለወላጅ መጦሪያ የሚሆነውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚያስቀሩትን ይወቅሳል። ስለዚህ የእናታችንን ኖት አትመልሺባቸው። እርሳቸው ካላቸው ላይ ለአምላካቸው የሚሰጡ ባለጠጋ ናቸው፤ ያችን ማዕርግ ልንነጥቃቸው አይገባም። በአክብሮት ተቀበያት፣ ከሌላው ጋር ቁጠሪያት፣ በቅጹም ላይ ትግባ።

የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ሰባቱን ሰዎች የመረጠችው በዕለቱ እርዳታ ላይ መበለቶች ስለተዘነጉ ነበር። ለችግረኞች የሚውል ሒሳብ ካላችሁ ዛሬውኑ ስማቸውን ለሚመለከተው ሰው ስጪ፤ ከሌላችሁ የመጀመሪያው የኮሚቴ አጀንዳ ይሁን፤ የተረዱትም ሰዎች ስም በመግለጫው ላይ አይውጣ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሥራ ስትመለሺ ብቅ በይባቸው። የደረሰኝ ጥራዝሽን ቤትሽ ተዪው። የመድኃኒቱን ማዘዣ ጠይቂያቸው፣ የትኛው እንዳለቀ ተመልከቺ፣ ገዝተሽ ስትመለሺ ከማን እንደሆነ ቢጠይቁሽ ከቤተ ክርስቲያን ነው በያቸው።